የለባሹ ግራ

ባዮሎጂን ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

አያችሁ? አንድም እጅ የለም።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው፤ ግን ማስረጃ አለኝ። በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ከመቶ ዘጠና አራት ያመጣሁት እኔ ነኝ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ወረቀቴን ሲመልሱልኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ጭንቅላት ብትሰበስቢው...» አሉኝና ሳይጨርሱት ወደ ቀጣዩ ተማሪ አለፉ። እኔ ግን ጨረስኩላቸው። «ለሌላም ይተርፋል» ሊሉ ነው። ክፍል ውስጥ «ዶክተሯ» ነው የምባለው። ስሙን ለራሴ ያወጣሁት እኔ ብሆንም፣ ዋናው መጠራቱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለብቻ መያዝ ንፉግነት ስለሆነ፣ ለትልቁ ፈተና አርባ ቀን ሲቀር የጥናት ቡድን አቋቋምኩ። ትልቁ ፈተና ማለት ማን ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ፣ ማን እቤቱ እንደሚቀር የሚለየው ነው። ቦታው የአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት ሆነ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከፊት ለፊቱ ክፍል መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፣ ከኋለኛው ክፍል ደግሞ ጨርቅ የምትቆርጥበት ትልቅ ጠረጴዛ አለ። አልጋ ቢሆን አራት ሰው ያስተኛል። ከጠረጴዛው ወዲህ ደንበኞች የሚለኩበት ቁመተ ረጅም መስታወት፣ ከመስታወቱ አጠገብ ደግሞ ልብስ የሚለበስለት ጭንቅላት የሌለው አሻንጉሊት ቆሟል። አክስቴ «ከሁላችሁም ይልቅ የሚያዳምጠው እሱ ነው» ትላለች።

አራት ተማሪ ነበረኝ። አንዱ ረጅሙ ነው፤ አንድ ጥግ ተቀምጦ እግሩ ሌላው ጥግ የሚደርስ። ሁለቱ መንታዎቹ ናቸው፣ ወንድምና እህት፤ እሱ የጀመረውን እሷ ትጨርሳለች፣ ስህተትም ቢሆን። አራተኛዋ ሹክሹክታ ናት። ድምጿ ከጉሮሮዋ ተነስቶ ከንፈሯ ጋ ሳይደርስ ስለሚደክመው ነው ስሙ የወጣላት። ጓደኛዬ ናት፤ በልጅነታችን አንድ ማበጠሪያ ነበረን።

ሹክሹክታ አምና ተፈትና ነበር። ባዮሎጂ ላይ በሁለት ነጥብ ወደቀች። ሁለት! አዋላጅ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው፤ ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ ሌላው ሰው ፊቱን ሲያጨፈግግ እሷ ግን ዘፈን እንደሰማ ሰው ፈገግ ትላለች። አባቷ ግን ቁርጡን ነግረዋታል። «ዘንድሮ ካላለፍሽ ደብተር በቃሽ። ወፍጮ ቤት ገብተሽ ሚዛን ትይዣለሽ።» እሳቸው ደግሞ ካሉ አሉ ነው።

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። ማለት፣ ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል።

የኔ አስተማሪነት እንደ ሌላው አይደለም። እኔ መጽሐፍ አላነብላቸውም፤ ይዣቸው እገባለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባና አየሩ ላይ የሚንሳፈፈውን የጨርቅ ብናኝ ስታበራው፣ የአክስቴ መኪና ከወዲያ ሆኖ ድድድድ ሲል፣ ካውያው እንፋሎቱን እፎይ ብሎ ሲተነፍስ፣ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» እላቸዋለሁ። ይጨፍናሉ።

«አሁን ትንሽ ሆናችኋል። ከዚህ ከብናኙ ታንሳላችሁ። ነፋስ ወሰዳችሁና ቅጠል ላይ አረፋችሁ። ከቅጠሉ ሆድ በኩል ከንፈር የሚመስል በር አለ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ግቡ። ረጅሙ፣ አንተ ጎንበስ በል።»

«ጎንበስ ብያለሁ» ይላል ረጅሙ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«ውስጡ አረንጓዴ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ብርጭቆ ነው። ብርሃኑ እንደ ማር እየተንጠባጠበ ይወርዳል። አረንጓዴ ሽርጥ ያደረጉ ሴቶች ጠብታውን በመዳፋቸው እየተቀበሉ፣ ከውሃና ከአየር ጋር እያሹ፣ ስኳር ይጠፈጥፋሉ። አይነጋገሩም። ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ እጃቸውን አራግፈው ይቀመጣሉ።»

እንዲህ ስናገር እኔ ራሴ ቅጠሉ ውስጥ ነኝ። እውነቴን ነው። አፍንጫዬ የእርጥብ ሣር ሽታ ይሸተዋል፣ እግሬ መሬት አይነካም። አንዳንዴ ስመለስ ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወርዳ ወለሉ ላይ ተኝታ አገኛታለሁ። መንታዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ሹክሹክታ ግን ዓይኗን የምትጨፍነው ለይስሙላ ነው፤ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ሳያት ሁልጊዜ በእርሳስ አንድ ነገር ትጭራለች። ላጲሷም ከእጇ አይጠፋም። «አንድ ቃል እንዳያመልጣት ነው» ብዬ ኮራሁባት።

አክስቴ በበሩ ብቅ ትላለች። «ምንድን ነው ዛሬ ደግሞ የገባችሁበት?»

«ቅጠል ውስጥ ነን፣ እቴቴ።»

«ከቅጠሉ ስትወጡ መሬት ላይ ያለውን ስፒል ልቀሙ።»

ልብን ያስተማርኩ ዕለት ግን ከቀኖቼ ሁሉ የበለጠው ቀኔ ነበር። አክስቴ ቅድ የምታወጣበትን ቡናማ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። መጽሐፉን ከፍቼ የልቡን ቅርጽ ብቻ ገለበጥኩና ዘጋሁት። ስሞቹን ከራሴ ልጽፍ ነዋ! ዶክተር እያየ አይጽፍም። አራት ክፍል፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ከታችኞቹ አንደኛው፣ ከወረቀቱ በስተቀኝ ያለው፣ ግድግዳው የምሽግ ያህል ወፍራም ነው።

የቱ ግራ፣ የቱ ቀኝ እንደሆነ ለማረጋገጥ ወረቀቱን አንስቼ ደረቴ ላይ ለጥፌ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ግራ እጄን አነሳሁ፤ መስታወት ውስጥ ያለችውም በዚያው በግራ በኩል እጇን አነሳች። ቀኜን አነሳሁ፤ በቀኝ በኩል አነሳች። «በቃ! ግራ በግራ፣ ቀኝ በቀኝ ነው» አልኩና የወረቀቱን ግራ ግራ፣ የወረቀቱን ቀኝ ቀኝ ብዬ በጠመኔ ጻፍኩበት። ከዚያ ዓይናቸውን አስጨፈንኳቸው።

«ደም ወንዝ ነው። እናንተ ቀይ ጀልባ ላይ ናችሁ። የሰማችሁት ድምፅ የአክስቴ መኪና አይደለም፤ የልቡ በር ነው፤ ሲከፈት ድ፣ ሲዘጋ ድ። ከታች ሁለት ወንድማማቾች ይኖራሉ። የግራው ልጅ ቀጭን ነው፤ ደሙን የሚገፋው እዚሁ ጎረቤት፣ ሳንባ ድረስ ብቻ ነው። የቀኙ ግን ጎረምሳ ነው! ሰው በየትኛው እጁ ነው የሚበረታው?»

«በቀኙ» አለ ወንዱ መንታ።

«ስለዚህ ልብም» ጨረሰች እህቱ።

«ጎበዞች! ደሙን እስከ እግር ጣት የሚወረውረው የቀኙ ነው። ለዚህ ነው ግድግዳው የወፈረው። ዕድሜ ልካችሁን አትረሱትም።»

ይህንን ስል ሹክሹክታ ዓይኗን ገልጣ እጇን አወጣች፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ።

«ጥያቄ በመጨረሻ» አልኳት። በመጨረሻ ረሳሁት። እነሱ ግን ሲወጡ ወደየቤታቸው አልሄዱም። አራቱም መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆመው፣ ራስ ለራስ ገጥመው፣ ብዙ ሲያወሩ በመስኮት አየኋቸው። ሲደነቁብኝ ነው ብዬ መጋረጃውን በትሕትና ዘጋሁ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ኪስ እንድሰካላት አዘዘችኝ። አሻንጉሊቱ ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ «ግራ ደረቱ ላይ በስፒል ያዝ ያዝ አድርጊው፣ ኋላ እሰፋዋለሁ» ብላኝ ወደ ደንበኛ ሄደች። ፊት ለፊቱ ቆሜ ሰካሁት። ስትመለስ አየችውና ወገቧን ያዘች።

«ይህን የሰካሽው የት ነው?»

«ግራ ላይ ነዋ፣ እቴቴ።»

«የማን ግራ?»

«እንዴ፣ ግራ ግራ ነው።»

«አይደለም! ልብስ የለባሹ ነው፤ ግራውም የለባሹ ግራ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው ተገልብጦ ነው የሚታየው። ያንቺ ግራ ለዚህ ሰውዬ ምኑ ነው?» አለችና ስፒሉን እየነቀለች ኪሱን ወደ ማዶ አሻገረችው። «ሥራ ስጀምር በዚህ ስህተት ስንት ኪስ እንደፈታሁ አትጠይቂኝ። እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው። ያን ሰዓት ኩላሊት ውስጥ ነበርኩ። የነገውን ትምህርት ሳዘጋጅ፣ በእነዚያ በተጠማዘዙት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደ ውሃ እየተንሸራተትኩ ነበር።

«አካልሽ እዚህ፣ ነፍስሽ ሌላ ሰፈር» አለች አክስቴና ተወችኝ።

የፈተናው ቀን ሰማዩ የታጠበ አንሶላ ይመስል ነበር። ረጅሙና መንታዎቹ ሌላ አዳራሽ ደረሳቸው። ሹክሹክታ ከኔ ጋር ሆነች፤ በሁለት ወንበር ትቀድመኛለች፣ ከፀጉሯ ሥር አንገቷ ይታየኛል። ስንገባ እጇን ጨበጥኩላት፤ በረዶ ነው።

«እኔ ያልኩሽን ብቻ አስታውሺ» አልኳት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ፈታኟ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሴትዮ ናቸው። ጫማቸው በእያንዳንዱ እርምጃ ሲጥ ይላል፤ ሲጥታው ሲርቅ ሁላችንም እንተነፍሳለን፣ ሲቀርብ እናቆማለን። መቶ ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት፣ የመልሱን ክብ በእርሳስ ማጥቆር። የመጀመሪያዎቹን ስልሳ ጥያቄዎች እየዘመርኩ ነው ያለፍኳቸው። ቅጠሉም መጣ፣ ሴቶቹም ከነሽርጣቸው መጡ።

ስልሳ አንደኛው ላይ ልቡን አገኘሁት። አንድ ሥዕል ነው፤ ከሥሩ አምስት ጥያቄ። «ቁጥር አራት የተባለው ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል የትኛው ነው?» ይላል የመጀመሪያው። ፈገግ አልኩ። የታችኛው ቀኝ። አጠቆርኩ። እርሳሴን አፌ ላይ አድርጌ ቀና አልኩ፤ አዳራሹ በቀስታ መንሳፈፍ ጀመረ። በወንበሮቹ መካከል ቀይ ወንዝ ገባ። ሁላችንም ከነጠረጴዛችን ተነሳን፤ ያለ ድምፅ፣ እርስ በርስ ሳንነካካ፣ ወደ ጥቁር ሰሌዳው በኩል እየፈሰስን ሄድን። መስኮቶቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ድ፣ ድ። ፈታኟ ከወንዙ ማዶ ፊታቸውን ወደኛ አድርገው ቆመዋል። ጋዋናቸው ደረት ላይ ኪስ አለ። ኪሱ ውስጥ ሁለት እስክርቢቶ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ።

ኪሱ በኔ ቀኝ በኩል ነው።

የማን ግራ? አለች አክስቴ ጆሮዬ ሥር።

ወንዙ ባንዴ ደረቀ። ጠረጴዛዬ መሬት ላይ ጓ ብሎ አረፈ። ሥዕሉን አየሁ፣ ኪሱን አየሁ፣ ሥዕሉን አየሁ። መጽሐፍ ላይ ያለው ልብ መስታወት አይደለም! ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ደረት ነው። በወረቀቱ ቀኝ ያለው የሰውዬው ግራ ነው። ወፍራሙ፣ ደሙን እስከ እግር ጣት የሚወረውረው፣ የግራው ነው። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፤ በግራ በኩል ጆሮ ደግፍ እንደያዘው ጉንጭ ይጠዘጥዘኛል። ልጅ ሆኜም የማውቀውን ነገር በአርባ ቀን ረስቼ፣ ገልብጬ ለአራት ሰው አስተማርኩት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የራሴን አጠፋሁና የታችኛው ግራ ብዬ አስተካከልኩ። አምስቱንም ሠራሁ። ከዚያ የሹክሹክታን አንገት አየሁ።

አምስት ጥያቄ። አምና የወደቀችው በሁለት ነው።

ወፍጮ ቤቱ ታየኝ። ሹክሹክታ ሚዛኑ ፊት ቆማለች፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ዱቄት፤ ቀስ እያለ ይዘንብባታል። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ትገባለች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ሹክሹክታ ፈገግ ትላለች፤ ከፈገግታዋ ላይ ዱቄት ይራገፋል። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

ላጲሴን ጣልኩ። ላጲስ ድምፅ የለውም። የብረት መቅረጫዬን ጣልኩ፤ ሲሚንቶው ላይ ቅጭል ብሎ ተንከባለለ። ግማሹ አዳራሽ ዞረ፤ እሷም ዞረች። ግራ እጄን ግራ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጌ፣ ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ግራ! ግራ!

ወዲያው ደግሞ ላቤ መጣ። ፊት ለፊት ናታ! የኔ ግራ ለሷ በቀኝ በኩል ነው የሚታየው! ያንኑ ስህተት እንደገና ላስተምራት ነው? ሌላ መንገድ አልታየኝም። ብድግ አልኩ፣ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ እጄን በትከሻዬ አሻግሬ የግራ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረግሁት።

ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?»

«ልቤን ነው፣ ቲቸር። ልቤን አመመኝ።»

ፈታኟ እጄን አዩት። «ልብሽ ጀርባሽ ላይ ነው እንዴ?»

አንድ ሰው ሳቀ። ባዮሎጂ ፈተና ላይ፣ ዶክተሯን! ወረቀቴን ወስደው፣ ፊት ለፊት ጥግ፣ ግድግዳ ወደሚያይ ወንበር አዛወሩኝ፤ ሃያ ደቂቃ ባዶ እጄን አስቀምጠው ነው የመለሱልኝ። የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ሳላነባቸው ሁሉንም «ሐ» አጠቆርኳቸው። ግድግዳው ላይ አንዲት ጉንዳን ወደ ላይ ትሄድ ነበር። ተከትያት ልሄድ ፈለግሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እምቢ አለኝ። የትም መግባት አልቻልኩም።

ስንወጣ ሹክሹክታን ከውሃ ቧንቧው አጠገብ አገኘኋት። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ትጠጣለች። ፀሐይ ጣቶቿ መሃል በሚያመልጠው ውሃ ላይ ትብረቀረቃለች። ጎኗ ቆምኩና ሳላርፍ ተናዘዝኩ።

«ስሚኝ። ልቡን ገልብጬ ነው ያስተማርኩሽ። የወፈረው የግራው ነው። በመስታወት አይቼ ነው የተሳሳትኩት። አክስቴ ነግራኝ አልሰማሁም፣ አንቺም እጅሽን አውጥተሽ አልሰማሁም። ልነግርሽ ሞከርኩ፤ አየሽ አይደል ጀርባዬን ስመታ? አሥራ ሁለት ጥያቄ ሳላነብ ቀርቻለሁ፣ ይቅርብኝ፣ እሱ ምንም አይደለም። አባትሽ ጋ ራሴ እመጣለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም እላቸዋለሁ። ከፈለጉ ሚዛኑን እኔ እይዛለሁ።» መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ለጉራ አይደለም።

ሹክሹክታ ቀና ብላ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ጨረስሽ?»

ደነገጥኩ። ቃሏ ድምፅ ነበረው። በሕይወቴ እንዲህ ጥርት አድርጌ ሰምቻት አላውቅም።

«አዎ።»

«የግራው መሆኑን አውቃለሁ። አምስቱንም ሠርቻቸዋለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«መጽሐፉ ላይ ተጽፏል።»

ቧንቧው ይንጠባጠባል። ጠብ። ጠብ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን ጀምሮ። እጄን አውጥቼ ነበር፤ ጥያቄ በመጨረሻ አልሽኝ። ለረጅሙም ለመንታዎቹም መታጠፊያው ላይ በእርሳስ አረምኩላቸው። የኩላሊቱንም። የአበባውንም።»

«አበባው ደግሞ ምን ሆነ?»

«ተዪው።»

«ታዲያ እንዲህ ከሆነማ አርባ ቀን ሙሉ ምን ልትሠሩ ትመጡ ነበር? ለምንድን ነው ስትመጡ የከረማችሁት?»

ሹክሹክታ ቧንቧውን አጥብቃ ዘጋችው።

«ለጠረጴዛው ነዋ! እኛ ቤት ጠረጴዛ የለም። አንቺማ ዝም ብትዪልን ኖሮ በሃያ ቀን እንጨርሰው ነበር።»